ከቤቱ አንድ አውቶቡስ ሲቀረው

ሥራዬ ያለቀው በስልክ ነው። ሰዓዳ ከአዲስ አበባ ደወለችና «ጋሼ ፈንታ፣ ከእንግዲህ ቤት ለቤት መዞር ቀርቷል። መንገዱም እንደሚያውቁት ነው፤ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይዘጋል። አዲሶቹ ጠያቂ ልጆች ቢሮ ተቀምጠው በስልክ ሊጠይቁ ነው» አለችኝ።

«እኔስ?» አልኋት።

«እርስዎማ ያርፋሉ» አለችና ዝም አለች።

የሰዓዳ ዝምታ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሌላው ሰው እንዲናገር ቦታ የምትለቅበት ነው። ሁለተኛው የምትለው ሲጠፋት ነው። ፊቷን እያየሁ ቢሆን የትኛው እንደሆነ አላጣውም ነበር። በስልክ ግን አልለይልህ አለኝ። እነዚያ ልጆችስ ሰው ዝም ሲላቸው በምን ይለዩት ይሆን እያልሁ እስከ ዛሬ አስባለሁ። እኔ የማላውቀው መላ ይኖራቸዋል፤ ባውቀው ደስ ይለኝ ነበር።

በመጨረሻ «ለአዲሶቹ ልጆች ሰው ቤት እንዴት እንደሚገባ አንድ ነገር ይንገሩልኝ» አለች። በስልክ ልናገረው ሞከርሁ፤ አልሆነልኝም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ይህን ጻፍሁ። ትምህርቴ ትንሽ ናት። ቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት እስክደግም ቆይቻለሁ፤ ኋላ መሠረተ ትምህርት ሲመጣ መጻፍ ተማርሁ። እጄ ቀርፋፋ ነው። አንባቢም ከእኔ ጋር ቀስ ቢል ምንም አይጎድልበትም።

ትውልዴ ቢቸና አጠገብ ነው። ጉልበቴ ሲጠና ሞጣ ሄድሁና መናኸሪያ ገባሁ፤ ጫኝና አውራጅ ሆንሁ። አውቶቡስ ጣሪያ ላይ የዋለ ሰው፣ ሰውን በዕቃው ማየት ይለምዳል። ፊቱን የምታየው ኋላ ነው፤ መጀመሪያ የምትቀበለው ጆንያውን ነው። ጆንያው ከብዶ ከሆነ ባለቤቱ ከታች «ቀስ፣ ቀስ» ይላል። ቀሎ ከሆነ ሌላ ቦታ ያያል።

መኸር ሲያልፍ ከቆላ የሚመለሱት ይበዛሉ። ወደ መተማ ወርደው ሰሊጥ የሚያጭዱ ናቸው፤ እዚያ ሳሉግ ይሏቸዋል። የቀናው ፍራሽ ጠቅልሎ፣ ለእናቱ ልብስ ገዝቶ ይመጣል። ያልቀናው ብርድ ልብሱን ብቻ ይዞ ይመጣል። ይህ አያስገርምም፤ ሥራ ነው፣ ይቀናል፣ አይቀናም። እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነው። ከባሕር ዳር የመጣው አውቶቡስ ሞጣ ቆሞ ሰው አውርዶ ወደ ቢቸና ይቀጥላል። የቀናው ከወንበሩ አይነሣም። ያልቀናው፣ ይልቁንም የታመመው፣ ይወርዳል። አገሩ ቢቸና ሆኖ ሞጣ ላይ ይወርዳል። ወርዶም አውቶቡሱ ሲሄድ ቆሞ ያየዋል። ከቤቱ አንድ አውቶቡስ ሲቀረው ማለት ነው። ከዚያ አንዱ የቀን ሥራ ይፈልጋል፤ አንዱ ጸበል ይገባል፤ አንዱ መናኸሪያው ግንብ ሥር ፀሐይ ይሞቃል። ሳምንት ይሆናል፣ ወር ይሆናል።

ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ጫኝና አውራጅ ምን አግብቶት ይጠይቃል? ግን ጣሪያ ላይ ሆኜ አስበው ነበር።

አንድ ቀን አንዲት ሴት መጥታ ከእኛ ጋር ያረጀ ጎማ ላይ ተቀመጠች። ሻሽ ያሰረች፣ ቀጠን ያለች፣ አነጋገሯ የወሎ። ሰዓዳ እባላለሁ አለች። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ሠርቶ ለመብላት ከአገሩ የሚወጣ ሰው ጤናው እንዴት እንደሚሆን፣ ችግር ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ ታጠናለች። ሻይ አዘዘችልን። ከዚያ ከባሕር ዳር የመጣው አውቶቡስ ገባ፣ ሰው አወረደ፣ ሄደ። ግንቡ ሥር የቀሩትን አየቻቸውና «እነዚህ ልጆች ከቤታቸው ይህን ያህል ቀርበው ለምንድነው የሚቆሙት?» አለች፤ እኛን ሳይሆን ራሷን እንደምትጠይቅ ሆና።

ያንን ጥያቄ ከሰው አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። እኔ ብቻ የማስበው ይመስለኝ ነበር።

«እርስዎስ ምን ይመስልዎታል?» አለችኝ።

«እንጃ» አልኋት።

«እኔም እንጃ። እንግዲያ አብረን እንጠይቃ።»

እንዲህ አድርጌ መንገድ መሪ ሆንሁ። በወረቀት ላይ ሌላ ስም ነበረው፤ ረጅም ነው፣ አልያዝሁትም። አበሉ ዘግይቶ ይመጣል፤ ፈርም ሲሉኝ እፈርማለሁ። ቢቸና፣ ሞጣ፣ አንድ ሰሞን ደግሞ እስከ የጥኖራ ድረስ ዞረናል። አለቆች ተለዋወጡ። ከሁሉም የማስታውሰው አቶ ኃይሉ የሚባለውን አስተባባሪያችንን ነው፤ ደግ ሰው፣ ግን ሁልጊዜ ሰዓቱን የሚያይ። ሰዓዳን ግን አለቃዬ ነበረች ብል ትስቅብኛለች፤ አስተማሪዬ ብል ያስኬዳል።

ጠባይዋን ልንገራችሁ። ሰው ቤት ስንገባ ወንበር ካመጡላት አትቀመጥም፤ ባለቤቱ የተቀመጠበትን አይታ እዚያው ከፍታ ላይ ትቀመጣለች፤ መደብ ከሆነ መደብ፣ መሬት ከሆነ መሬት። ስለ በሽታ አትጠይቅም። ስለ መንገድ ትጠይቃለች። «ከመተማ ስትነሣ የተሳፈርህባት መኪና ምን ዓይነት ነበረች?» ትላለች። በሽታህን ንገረኝ ያሉት ሰው ይኮማተራል። መንገዱን ሲያወራ ግን እጁም ይናገራል፤ ኬላውን ያሳይሃል፣ የረዳቱን ስድብ ይደግምልሃል። በሽታው ራሱ ተሳፍሮ ይመጣል። «አዘዞ ላይ ሁሉም ምሳ ሲበላ እኔን ብርድ ብርድ አለኝ» ይላል፤ እሷም «ከዚያስ?» ትላለች። «ለምን» የሚል ቃል ከአፏ ሰምቼ አላውቅም። «ለምን ያልሁት ሰው ሁሉ ጥፋተኛ የሆነ ይመስለዋል፤ ከዚያ የሚነግረኝ ምክንያት እንጂ ነገሩን አይደለም» ትለኝ ነበር።

ስትጨርስ ደግሞ «አሁን ተራው የእርስዎ ነው። የፈለጉትን ይጠይቁኝ» ትላለች። የጠየቋትን ሁሉ እውነቱን ትመልሳለች። ባል አለሽ ወይ ይሏታል፤ ፈትቻለሁ ትላለች። አንድ ሽማግሌ «የእኛን ሥጋ ሳትቀምሺ እዚህ አገር ስትዞሪ አትከሺም?» አሏት። «የጾም ቀን ነው የምወድላችሁ፤ ያን ቀን ከሁላችሁም ጋር እኩል እበላለሁ» አለቻቸው፤ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከአንዱ ቤት የሰማችውን ሌላው ቤት አታስገባም። የእናቱን ለልጁ፣ የልጁን ለእናቱ አትናገርም። እኔንም መጀመሪያ ያስማለችኝ ይህንን ነው።

የእኔ ሥራ በር ማግኘት ነበር። በረፋድ እንገባለን፤ ከአጥሩ ውጭ ሆኜ ጮክ ብዬ እጣራለሁ፤ ውሻው እስኪያዝ እንቆማለን። መጀመሪያ የማን ልጅ እንደሆንሁ እናገራለሁ፤ ከዚያ በኋላ ነው የሰዓዳን። ወሬው ሲጀመር ጎረቤት ይሰበሰባል፤ እንግዳ አይቶ ቤቱ የሚቀር የለም። ያንን ጎረቤት ወደ ዛፉ ሥር ወስጄ ማጫወት የእኔ ድርሻ ነው። ስለ ዝናቡ፣ ስለ በሬ፣ ሞጣ ስለወደቀው አውቶቡስ አወራላቸዋለሁ፤ እሷ እዚያ ከአንድ ሰው ጋር ብቻዋን እንድትሆን። ብዙ አውርቻለሁ። ጉሮሮዬ የደከመው በጥናት ነው።

እንግዲህ የተበላሸውን ቀን ልጻፍ።

ታኅሣሥ ነበር። ከቢቸና ወጣ ባለች አንዲት ቀበሌ፣ ልጆቻቸው ቆላ የቀሩባቸውን ቤተሰቦች እየጠየቅን ነበር። ጤፍ የሚወቃበት ወቅት ስለሆነ በረፋድ ስንሄድ ቤቱ ሁሉ ባዶ ነው፤ ሰው አውድማ ውሏል። አቶ ኃይሉ «በማለዳ ሰው ሳይወጣ እንግባ» አለ። ማንም ቢሆን ይህንኑ ይል ነበር፤ እኛም እሺ አልን።

የምንሄደው ወይዘሮ አንጓች ዘንድ ነው። ስሟ ይህ አይደለም፤ እሷንም ልጇንም በሌላ ስም ነው የምጠራቸው፣ ታሪካቸውን እንድጽፍ ግን ፈቅደውልኛል። ባሏ ሞቷል። አበጀ የሚባል አንድ ልጅ አላት፤ መተማ ከወረደ ሁለት ክረምት አልፎታል። በየጊዜው ይደውል ነበር። ከፋሲካ ወዲህ ግን ድምፁ ጠፍቷል።

ከማደሪያችን ስንወጣ ሰዓዳ፣ አቶ ኃይሉና እኔ ብቻ ነበርን። መንገድ ላይ የእድሩ ዳኛ አያ ውበቱ አገኙን። «ብቻችሁን አትገቡም፤ እኔ ላስተዋውቃችሁ» አሉ። ትንሽ እንደሄድን ቄሱ ከኪዳን ሲመለሱ ደረስንባቸው፤ መንገዳቸው ስለሆነ አብረውን ሄዱ። ውርጭ ወርዶ ስለነበር ሁላችንም ነጠላና ጋቢያችንን እስከ አፍንጫችን ተከናንበናል። በብርድ ወሬ አይወጣም፤ ዝም ብለን ነው የምንሄደው። አንድ በአንድ ስለሆነ የበዛነው፣ ብዛታችንን ያስተዋለ አልነበረም።

ወይዘሮ አንጓች አመድ ልትደፋ በእንቅብ ይዛ ወጥታ ነበር። መጀመሪያ የእድሩን ዳኛ አየች። ቀጥላ ቄሱን አየች። ከእነሱ ኋላ እኛን አየች። እንቅቡ ከእጇ ወደቀ።

ያኔ ነው ራሳችንን በእሷ ዓይን ያየሁት። በአገራችን መርዶ የሚነገረው እንዲሁ ነው፤ በማለዳ፣ ሰው ሳይበተን፣ ሽማግሌና ቄስ ተከናንበው፣ አንድ ላይ ሆነው፣ ድምፅ ሳያሰሙ።

አያ ውበቱ ደነገጡና «ለደኅና ነው፣ ለደኅና ነው የመጣነው» አሉ። መርዶ ነጋሪም ቀድሞ የሚለው ይህንኑ ነው።

«ልጄን!» አለች። አንድ ጊዜ ነው ያለችው፤ ግን አውድማ ያለው ሰው ሁሉ ሰማ።

ከዚያ በኋላ የተናገርነው ሁሉ ተገለበጠብን። የሞተ የለም ብንል ሊያለሳልሱላት ነው አሉ። ሰዓዳ «እኛ ስለ ጤና የምናጠና ሰዎች ነን» ብትል፣ አንዲት ጎረቤት «አያችሁ፣ ሐኪሞቹ ናቸው፤ ሆስፒታል ነው የሞተው ማለት ነው» ብላ ደረቷን መታች። ሰው ከየአውድማው ሮጦ መጣ። ዘለቀ የሚባል፣ በድንበር ከአበጀ ጋር የተጣላ ጎረቤቷ፣ መንሹን እንደያዘ መጥቶ አጥሩ ላይ ተደገፈና «እንግዲህ ከማን ጋር ልጣላ ነው?» እያለ አለቀሰ። ወይዘሮ አንጓች መሬት ተቀምጣ ከበሯ እስከ ጓሮዋ የተነጠፈውን ድንጋይ በመዳፏ ትመታለች። «እናቴን ጭቃ እንዳይነካት ብሎ ያነጠፈ ልጄ፣ አንዷን ሳያስተካክላት የሄደ ልጄ» ትላለች። እውነትም አንዷ ድንጋይ ዘመም ብላ ነበር፤ አስታውሳለሁ።

ለቅሶው የቆመው ፀሐይ ሞቅ ካለች በኋላ ነው። ቄሱ ድንጋይ ላይ ወጥተው በክህነታቸው ማሉ፤ ያን ጊዜ ሰው እርስ በርሱ ተያየ። አንዳንዱ ፈገግ አለ፤ አንዳንዱ ተናደደ፤ ዘለቀ እንባውን ጠርጎ «እኔማ አቧራ ገብቶብኝ ነው» አለ። ወይዘሮ አንጓች ግን አልሳቀችም፣ አልተናደደችም። ቀና ብላ «እሺ፣ ካልሞተ የት ነው?» አለች።

የዚያን ቀን ክፉው ይህ ጥያቄ ነው፤ ለቅሶው አይደለም። እኛ ከመምጣታችን በፊት ልጇ አልደወለም እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም። አሁን ሞቱን አንድ ጊዜ አይታዋለች።

ሰዓዳ አመዱ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። አቶ ኃይሉ ወረቀቱን ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ወይዘሮ አንጓች ሰዓዳን አይታ «ጠያቂዎች ነን ብላችኋል። እንግዲያ ይህንን ጠይቁልኝ» አለቻት።

«ላላገኘው እችላለሁ» አለች ሰዓዳ። «ግን እጠይቃለሁ።»

ሰዓዳ የከፋው ሰው ስታይ አብሽር ትላለች፤ አይዞህ የሚል የአገሯ ቃል ነው። ያን ቀን አላለችም። ስንመለስ መንገድ ላይ «ጋሼ ፈንታ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ሰው ቤት ስገባ እኔ ምን እንደማይ ነው የማስበው። ቤቱ እኔን ምን ብሎ እንደሚያየኝ አስቤ አላውቅም» አለችኝ። ከዚያ በኋላ በማለዳ ማንም ቤት አልገባንም፤ ከሁለት በልጠንም አልሄድንም።

እኛ ያላሰብነው ሌላም ነገር ነበር። ለቅሶው በረፋድ ቢቆምም ወሬው በማለዳ ወጥቷል። ቢቸና የሚሄድ ሰው ይዞት ሄደ፤ ከቢቸና ሞጣ የሚሄድ ደግሞ ተቀበለው። «ስሕተት ነው» የሚለው ወሬ ከኋላው ቀረ፤ እንዲህ ያለው ወሬ ሁልጊዜ ቀርፋፋ ነው።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ሞጣ ዙሪያ ጸበል የገቡትን ስንጠይቅ ሰነበትን። አንድ ቀን ፀሐይ የሚሞቅ ወጣት አገኘን። ስስ አንሶላ ለብሷል፤ ጉንጩ ገብቷል፣ ሆዱ ግን ወደ ፊት ወጥቷል። ካሴ እባላለሁ አለ። ሰዓዳ አጠገቡ ሣሩ ላይ ተቀመጠች። ወስጄ የማጫውተው ሰው አልቀረበንም፤ እኔም እዚያው ተቀመጥሁ።

እንደ ልማዷ መንገዱን ጠየቀችው። ከእርሻው የወጣባትን ትራክተር ነገራት። ትኩሳት ሲይዘው የሠራተኞቹ አለቃ እንዴት እንደሸኘው፣ ጎንደር መናኸሪያ እንዴት እንዳደረ፣ ባሕር ዳር አንዲት ሴት እንዴት ወንበር እንደለቀቀችለት ነገራት።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ሞጣ ደረስን። ረዳቱ ‹ቢቸና የምትሄዱ አትውረዱ› አለ።»

«ከዚያስ?»

«ወረድሁ» አለና ሣሩን መንጨት ጀመረ። ከዚያ ወዲያ መንገድ አልነበረውም።

ሰዓዳ «አሁን ተራው ያንተ ነው። የፈለግኸውን ጠይቀኝ» አለችው።

አንሶላውን ወደ አንገቱ ሳበ። «ቢቸና በኩል የሰው ቤት ትገባላችሁ ይባላል።»

«እንገባለን።»

«አበጀ የሚባል ቆላ የሞተ ልጅ አለ። መርዶው ሲነገር ነበራችሁ?»

ሰዓዳ እኔን አየችኝ። «ነበርን» አለችው።

«ማን ማን አለቀሰ?»

ሰው ስለ ሌላ ሰው ሲጠይቅ እንዲህ አይጠይቅም። ሰዓዳም ገብቷታል። ግን ተራው የእሱ ነው፤ ተራው የእሱ ከሆነ ደግሞ እውነቱ ይመለስለታል። «ጋሼ ፈንታ አጥሩ ጋ ነበሩ፤ ያዩትን ይንገሩህ» አለች።

«ዘለቀ የሚባል ሰው መንሹን እንደያዘ መጣ» አልሁት።

«የቱ ዘለቀ? የድንበሩ?»

«እሱ። ‹እንግዲህ ከማን ጋር ልጣላ ነው› እያለ ሲያለቅስ ነበር።»

ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆኖበት ደረቱን ያዘ። «እሱ ውሸታም» አለ። «እናትየዋስ?»

«እናትየዋ ድንጋዩን እየመታች ነበር የምታለቅሰው።»

«ባዶ እጁን ቀረ አላለችም? ሳይሆንለት ቀረ አላለችም?»

«አላለችም። ከበር እስከ ጓሮ ያነጠፍኸውን ድንጋይ ነው ያነሣችው። አንዷን ሳታስተካክል ሄደሃል።»

‹ያነጠፍኸውን› ማለቴን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። እሱም አላረመኝም።

«የእንስራ ማስቀመጫው ጋ ያለችው ናት» አለ።

ከዚያ ሰዓዳ መርዶው ስሕተት እንደነበር፣ ለቅሶውም በዚያው ቀን እንደቆመ፣ እናቱ የት እንዳለ እንደማታውቅ ነገረችው። ፊቱን በአንሶላው ሸፈነ። «አትንገሯት። በዚህ ሆዴ አታየኝም። እኔ ተለቅሶልኝ ተገላገልሁ ብዬ ነበር» አለ።

«ካልፈቀድህ አንነግርም» አለችው።

እውነቱን ልናገር፤ ይህ ከበደኝ። እናቲቱ መሬት ተቀምጣ የጠየቀችን ይህንኑ ነበር፤ መልሱ ደግሞ ፊታችን ተቀምጧል። ግን ሰዓዳ የእናቱን ለልጁ የነገረችው እሱ ራሱ ስለጠየቀና ለቅሶው ሰው ሁሉ ያየው ስለሆነ ነው። የእሱ ግን የእሱ ነው።

የበሽታውን ነገር ስትናገር ድምፅዋን ከፍ ዝቅ አላደረገችም። ካላዛር የሚሉት ይመስላል፤ ቆላ ያለች ትንሽ ዝንብ ትሰጠዋለች፤ ጣፊያን ያሳብጣል፤ ከተውት ይገድላል፤ ሆስፒታል ተኝቶ ብዙ ቀን መርፌ የሚወጋ ሰው ግን ይድናል። «ጸበሉን አልተውም» አላት። «ጸበሉን ተው አላልሁህም። መርፌውን ጨምርበት ነው ያልሁህ» አለችው፤ የእስላም ልጅ እንዲህ ስትለው ቀና ብሎ አያት።

ከዚያ ዝም አለች። የመጀመሪያው ዓይነት ዝምታ ነው፤ ቦታ የምትለቅበት።

«ሆስፒታል ይበርዳል ይባላል» አለ ቆይቶ።

«ይበርዳል» አልሁት።

«ቤት ጋቢ ነበረኝ።»

«ይምጣልህ?» አለችው ሰዓዳ። «ጋቢው እንዲመጣ የት እንዳለህ መነገር አለበት። ይነገር?»

«ይነገር። ሆዴን ግን እኔ ስመጣ ትየው።»

የሌሎቹን አላውቅም። ግንቡ ሥር ከተቀመጡት አንዳንዶቹ ለሰዓዳ ሌላ ሌላ ነገር ነግረዋታል፤ እሷም ሁሉንም ጽፋለች። ይህኛው ግን ከቤቱ አንድ አውቶቡስ ሲቀረው የቆመው፣ በሩ ላይ ምን እንደሚባል ሳያውቅ መግባት ስላቃተው ነበር። ሰው የራሱን ለቅሶ ካልሰማ ይህን ከየት ያውቀዋል?

እንዳታስቡ አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ አበጀ ድኖ ቤቱ ገብቷል። ያችን ድንጋይ አስተካክሏታል። ከዘለቀም ጋር ስለ ድንበሩ እንደገና ተጣልተዋል። አሁን የቀረኝ ጋቢውን ላመጣ የሄድሁበትን ቀን መጻፍ ነው።

ሰዓዳ ከእሱ ጋር ወደ ሆስፒታል ስትሄድ እኔ ወደ ቢቸና ተሳፈርሁ። መንገዱን ሙሉ ሳስብ የነበረው ምን ብዬ እንደምናገር ነው። የሞት ወሬ ሥርዓት አለው፤ ሰዓቱ፣ ልብሱ፣ ቃሉ የታወቀ ነው። የመኖር ወሬ ግን በምን ሥርዓት ይነገራል? «ለደኅና ነው የመጣሁት» ብል ያንን አያ ውበቱ ብለውታል። «አበጀ ደኅና ነው» ብል መርዶ ነጋሪም ይለዋል። «ታሟል» ብል ደግሞ መርዶ በ‹ታሟል› ነው የሚጀመረው። መርዶ ነጋሪ ብሎት የማያውቅ ቃል ፈለግሁ፤ ከሞጣ እስከ ቢቸና የተቀመጠ ሰው ለካ ብዙ ቃል ይጥላል።

በቀትር ደረስሁ። ብቻዬን ነኝ። ነጠላዬን አጣጥፌ ብብቴ ሥር አድርጌዋለሁ። ገና ከቤቷ በታች ያለውን ወንዝ ሳልሻገር ጮክ ብዬ ተጣራሁ።

ወይዘሮ አንጓች በሩ ላይ ወጣች። ከዚያ ቀን ወዲህ በማለዳ በሯን እንደማትከፍት ሰምቻለሁ። ገና ከሩቅ ወደ ኋላዬ ማየት ጀመረች።

«ማን አለ ካንተ ጋር?»

«ማንም የለም፤ ብቻዬን ነኝ።»

«ደግሞ ምን ልትጠይቀኝ መጣህ?»

«ጥያቄ አይደለም፤ ተልኬ ነው። ጋቢ አምጣ ተብዬ።»

«የማንን ጋቢ?»

«የአበጀን። በርዶኛል ላኪልኝ ብሎሻል።»

ቆመች። አላለቀሰችም፤ እጇን መቃኑ ላይ አድርጋ ረጅም ጊዜ አየችኝ። የሞተ ሰው አይበርደውም፤ ያንን ስታስብ ፊቷ ላይ ያየሁ መሰለኝ። ከዚያ ወደ ቤት ዞረች፤ እንደገና መለስ አለች።

«የቱን?»

«እ?»

«የቱን ጋቢ አለህ? ጥለቱ ቀይ የሆነውን ነው ወይስ ነጩን?»

«አላለኝም» አልኋት።

«አልጠየቅኸውም?»

«አልጠየቅሁትም።»

«አያ ፈንታ» አለች። «አገር ለአገር ስትጠይቁ ትከርማላችሁ፤ የሰው አጥር እያለፋችሁ ስንት ነገር ትጠይቃላችሁ፤ ይህችን አንዷን አትጠይቅልኝም?»

ሁለቱንም ይዤ ሄድሁ። አንደኛው የቤቷን ጭስና እርጎ ይሸታል፤ ሌላኛው አዲስ ነው። አበጀም ሁለቱንም ለበሳቸው።

ለአዲሶቹ ልጆች ልነግራቸው የምችለው ይህንን ነው። ስልካችሁ በማለዳ አይጮህ። ሰው ዝም ሲላችሁ ጠብቁት። ተራውን ስጡት። የቀረውን እነሱ ያገኙታል፤ እኔም ያገኙትን ብሰማ ደስ ይለኛል። ስልኬ ክፍት ነው፤ ከረፋድ ጀምሮ።